ግሌን ጉልድ፦ የ1955ቱ ጎልድበርግ ወይስ የ1981ዱ?

ጆሮ_ጠቢ

ሰላም ሰላም ቤተሰብ። አንድ ጓደኛዬ "ባክን መስማት ከፈለግህ ከዚህ ጀምር" ብሎ ካናዳዊው ፒያኒስት ግሌን ጉልድ የተጫወተውን የባክን ጎልድበርግ ቫሪዬሽንስ ላከልኝ። የላከልኝ ግን ሁለት ነው። አንዱ በ1955 የተቀዳ፣ 38 ደቂቃ ከ34 ሰከንድ። ሌላው በ1981፣ 51 ደቂቃ ከ18 ሰከንድ። ያው ሰው፣ ያው ኖታ። 13 ደቂቃው ከየት መጣ? የትኛውን ልያዝ? እስካሁን ለ1955ቱ ነው የማዳላው፣ ልጁ እሳት ነው።

ሌላ ጥያቄ። ከፒያኖው ሥር የሚያንጎራጉር ሰው ይሰማኛል። ኢርፎኔ ተበላሽቶ ነው ወይስ ጎረቤት ነው?

የማታ_ተረኛ

ሃሃሃ ኢርፎንህ ደህና ነው። ራሱ ጉልድ ነው የሚያንጎራጉረው። እስከ 10 ዓመቱ ያስተማረችው እናቱ ናት፤ የሚጫወተውን በአፉ እየዘፈነ እንዲጫወት ታበረታታው ነበር ይባላል። በዚያው ቀረ። የድምፅ ባለሙያዎቹ ማይክራፎን ቢያነሱ ቢጥሉ ሊያጠፉት አልቻሉም።

ሲጥ ሲጥ የሚል ነገርም ከሰማህ ወንበሩ ነው። አባቱ የታጣፊ ወንበር እግሮች ቆርጦ ከወለሉ 35 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ከፍ እንዲል አድርጎ ሠራለት። በሄደበት አገር ሁሉ ተሸክሞት ይዞራል። መቀመጫው ተበልቶ አልቆ ፍሬሙ ብቻ ሲቀር እንኳ አልቀየረውም። ፎቶውን ፈልግና እይ፣ አገጩ ቁልፎቹ ላይ ሊያርፍ ምንም አልቀረውም።

ቁልፍ_88

ወንበሩ ላይ ሁሉም ይስቃል፣ ግን የአጨዋወቱ ግማሽ ሚስጥር እዚያ ነው ያለው። እንደዚያ ዝቅ ብለህ ከተቀመጥክ ከትከሻህ ጉልበት አምጥተህ ቁልፉን መደብደብ አትችልም። ሥራው ሁሉ በጣት ይሆናል። መምህሩ አልቤርቶ ጌሬሮ ቺሊያዊ ነው፣ አንድ ልምምድ ነበረው። አንዱን እጅ ቁልፎቹ ላይ ዘና አድርጎ ማሳረፍ፣ ከዚያ በሌላኛው እጅ እያንዳንዱን ጣት ጫፉ ላይ መታ ማድረግ። ጣቱ ቁልፉን ይነካና ራሱ ነጥሮ ይመለሳል። ቀስ ብሎ፣ አንድ በአንድ፣ ሙሉውን ቁራጭ እንደዚያ። ተማሪዎቼን አስሞክሬያቸዋለሁ፤ ከአንድ ገጽ በላይ የታገሠ የለም። ጉልድ ጋ ያ ሁሉ ድምፅ አንዱ ከአንዱ ተለይቶ ጥርት ብሎ የሚሰማህ ከዚህ ነው። ፔዳሉንም ብዙ አይነካውም።

ሸክላ_ሰብሳቢ

በ1955ቱ ታሪክ እንጀምር እስቲ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) ጃንዋሪ 11 ኒው ዮርክ፣ ታውን ሆል ውስጥ ተጫወተ። በማግስቱ ኮሎምቢያ የሚባለው የሸክላ ኩባንያ ኮንትራት ሰጠው። በአንድ ኮንሰርት! ከዚያ ምን ልትቀዳልን ነው ሲሉት ጎልድበርግ አላቸው። አመነቱ። ያኔ ሥራው የሃርፕሲኮርድ (ከፒያኖ በፊት የነበረ ባለ ቁልፍ መሣሪያ) ተጫዋቾችና የምሁራን ነገር ነው የሚባለው፣ ማንም ወጣት ፒያኒስት የመጀመሪያ ሸክላውን በዚህ አይጀምርም።

ጁን ላይ፣ ኒው ዮርክ በሙቀት ስትቀቀል፣ ኮት ለብሶ፣ ኮፍያና ጓንት አድርጎ፣ አንገቱን ጠምጥሞ ስቱዲዮ ገባ። ከነወንበሩ። ፎጣ፣ በየዓይነቱ ኪኒን፣ በጠርሙስ የመጠጥ ውሃ። ከመጫወቱ በፊት እጁን እስከ ክርኑ ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ 20 ደቂቃ ይቀመጣል። በአራት ቀን ጨረሰው። 22 ዓመቱ ነበር። ሸክላው ጃንዋሪ 1956 ወጣና ያልታሰበ ሽያጭ አመጣ።

ስቱዲዮው ራሱ 30ኛ መንገድ ላይ የነበረ የድሮ ቤተ ክርስቲያን ነው። ማይልስ ዴቪስ በ1959 ያን ዝነኛ ካይንድ ኦፍ ብሉ አልበሙን የቀዳው እዚያው ጣሪያ ሥር ነው። የጃዝ ልጆች ይህችን ያዙልኝ።

ቁልፍ_88

@ጆሮ_ጠቢ ስለ 13ቱ ደቂቃ። መጀመሪያ ሥራው እንዴት እንደተሠራ ልንገርህ፣ አለበለዚያ ልዩነቱ ፍጥነት ብቻ ይመስልሃል።

ባክ ያሳተመው በ1741 ነው። መነሻው አሪያ የሚባል ዝግ ያለ ዜማ ነው። ከዚያ 30 ቫሪዬሽን (በአንድ መነሻ ላይ የተሠራ ልዩ ልዩ ቅያሪ) ይመጣል፣ መጨረሻ ላይ አሪያው ይመለሳል። ቫሪዬሽኖቹ የሚጋሩት ከሥር የሚሄደውን ባስ ስለሆነ ዜማውን ብትፈልግ አታገኘውም፤ ዝምድናቸው ቶሎ የማይታየው ለዚህ ነው። ሦስት ሦስት እየቆጠርክ ብትሄድ ደግሞ ካኖን ታገኛለህ፣ 3፣ 6፣ 9 እያለ እስከ 27። አንዱ ድምፅ ይጀምራል፣ ሌላው ያንኑ እያለ ከኋላው ይከተለዋል፣ በየካኖኑ የሁለቱ ርቀት በአንድ ደረጃ ይሰፋል። 30ኛው ላይ ካኖን ስትጠብቅ ባክ የዘመኑን የሕዝብ ዘፈኖች ደባልቆ ይቀልድብሃል።

የተጻፈው ሁለት ረድፍ ቁልፍ ላለው ሃርፕሲኮርድ ነው። ፒያኖ አንድ ረድፍ ብቻ ስላለው ሁለቱ እጆች ይጋጫሉ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ይወጣል። 5ኛውን ቫሪዬሽን በ1955ቱ ስማው። 40 ሰከንድ ቢሆን ነው። እጆቹ የት የት እንደሚያልፉ እኔ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

እንግዲህ 13ቱ ደቂቃ። አንደኛ፣ በ1955ቱ ባክ ይደገም ያለውን አንዱንም አይደግምም። በ1981 የተወሰኑትን ይደግማል። ሁለተኛ፣ አሪያው በ1955 ሁለት ደቂቃ አይሞላም፣ በ1981 ሦስት ደቂቃ ያልፋል። ሦስተኛው ግን ዋናው ነው። በ1981 ጉልድ ለሥራው በሙሉ አንድ የልብ ምት ሊሰጠው ፈለገ። የአንዱ ቫሪዬሽን ምት ከቀጣዩ ጋር በሒሳብ ይያያዛል፤ እጥፍ ይሆናል፣ ግማሽ ይሆናል፣ ሲሶ ይሆናል፣ ግን አይበጠስም። ከ1ኛው ወደ 2ኛው ሲሻገር እግርህን መሬት ላይ እየመታህ ስማ፣ ያኔ ይገባሃል። የ1955ቱን ራሱ ሲተቸው ቫሪዬሽኖቹ እያንዳንዳቸው ደስ ይላሉ ግን በየፊናቸው ነው የሚሄዱት የሚል ሐሳብ ነበረው። 25ኛውን ደግሞ እንደ ሾፓን አባበልኩት ብሎ ይቀልድበት ነበር።

ጆሮ_ጠቢ

ኧረ እግዜር ይስጥህ። እግሬን እየመታሁ ሰማሁት፣ ከታች ያሉት ሰዎች ጣሪያቸውን በመጥረጊያ መቱብኝ እንጂ ገብቶኛል።

አዛውንቱ

ልጆች፣ ጨዋታችሁ ደስ ይላል፣ ግን አንድ ነገር እያለፋችሁ ነው። ይህ ሰው ኤፕሪል 10 ቀን 1964 ሎስ አንጀለስ ተጫውቶ ሲያበቃ በቃኝ ብሎ ከመድረክ ወረደ። 31 ዓመቱ ነበር፣ ገና ትኩስ። ከዚያ ወዲያ እስኪሞት አንድ ኮንሰርት አልሰጠም። ስቱዲዮ ዘግቶ የቴፕ ክር በምላጭ እየቆረጡ መቀጣጠል። የሳተውን ቆርጦ የሚጥል ሰው መቼ ተጫወተ ይባላል? የእኛ ሰዎች ድሮ ሸክላ ሲያስቀርጹ ባንዱ ከነዘፋኙ አብሮ ነው የሚጫወተው፣ አንዱ ከሳተ ሁሉም እንደገና ከመጀመሪያው። እኔ ያንን ነው ሙዚቃ የምለው።

ሰም_ለበስ

የጋሼን ሐሳብ እጋራለሁ። ግን ከመድረክ የሸሸ እሱ ብቻ ነው እንዴ? እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩም በወጣትነታቸው ሁሉን ትተው ግሸን ማርያም ገብተዋል እኮ።

የዳንፎርዷ

ሰምዬ እማሆይን እዚህ አታግባቸው ባክህ። እማሆይ የሄዱት ወደ ጸሎት ነው። ጉልድ የሄደው ወደ ማይክራፎን ነው። እንዲያውም ካቆመ በኋላ ነው ሥራ የበዛበት፤ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ ጽሑፍ፣ ሸክላ በሸክላ። በ1967 ለካናዳ ሬዲዮ ስለ ሰሜኑ በረዷማ አገር የሠራው ዝግጅት አለ፤ ሰዎች ይናገራሉ፣ ሌሎች ላያቸው ላይ ይናገራሉ፣ ድምፆቹ እንደ ባክ ካኖን ይደራረባሉ። ሬዲዮ ላይ እንደዚያ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም።

ቁልፍ_88

ጋሼ፣ በአክብሮት ልከራከርዎት። ክር የሚቆርጠው ስህተት ለመሸፈን ብቻ ነው ያሉት ላይ ነው የማልስማማው። በ1966 ራሱ የጻፈው ታሪክ አለ። የባክን የመጀመሪያውን የፕሪሉድና ፊውግ መጽሐፍ ሲቀዳ የኤ ማይነሩን ፊውግ (ድምፆች እየተከታተሉ የሚገቡበት ቁራጭ) ስምንት ጊዜ ተጫወተው። 6ኛውና 8ኛው ቅጂ እንከን አልነበራቸውም። አንዲት ኖታ አልሳተም። ኮስተር ያለውን 6ኛውን ብቻ እናውጣ ቢሉ ይቻላል፣ ፈንጠዝያ ያለበትን 8ኛውን ቢሉም ይቻላል።

ከሳምንታት በኋላ ቁጭ ብለው ሲሰሙት ግን ሁለቱም አሰለቹ። እያንዳንዱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ባለ አንድ ስሜት ነው። ፍጥነታቸው ደግሞ አንድ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ በ6ኛው ጀመሩ። 14ኛው ባር (የኖታ ምት ክፍል) ላይ ወደ 8ኛው ዘለሉ፣ መሀሉን በፈንጠዝያው አሳለፉት። ዜማው ወደ ቤቱ ሲመለስ ወደ 6ኛው ተመለሱ። ሁለት ቦታ ቆረጡ፣ በቃ። የወጣው ቅጂ ጉልድ ፒያኖው ላይ ተቀምጦ ያላሰበው አተረጓጎም ነው፤ የተወለደው በማዳመጫ ክፍል ውስጥ ነው። ፊልም ተዋናይ መሀል ላይ "ቁረጥ" ስለተባለ አልተወነም እንላለን እንዴ?

አዛውንቱ

ልጄ፣ በደንብ ተናግረሃል። 14ኛውን ባር ሄጄ ሰምቻለሁ፣ ስፌቱን አላገኘሁትም። ልብሱ ግን የተሰፋ ነው።

የማታ_ተረኛ

ጋሼ ስንኝ ጀመሩ

የዳንፎርዷ

መድረኩን የጠላው ስለማይችለው እንዳይመስላችሁ ደግሞ። ሜይ 1957 ሞስኮ ሄደ። ከጦርነቱ በኋላ ሶቭየት ኅብረት ሄዶ የተጫወተ የመጀመሪያው ካናዳዊ ፒያኒስት ነው። ማንም አያውቀውም፣ አዳራሹ ገሚሱ ባዶ ነበር። ባክ ተጫወተ። እረፍት ሲሆን ታዳሚው ወደ ስልክ ሮጠ፣ ለጓደኛ ለዘመድ "ቶሎ ድረስ" ይደውላል። ሁለተኛው ክፍል ሲጀመር መቆሚያ ጠፋ። ለኮንሰርቫቶሪ ተማሪዎቹ ደግሞ እዚያ አገር በይፋ የማይወደዱትን የዘመናዊዎቹን ደራሲዎች የነቤርግና የነቬበርንን ሥራ ተጫወተላቸው። ጥቂት አዛውንት መምህራን ተነስተው ወጡ። (ጋሼ እርስዎን ማለቴ አይደለም።)

በ1962 ደግሞ ካርኔጊ አዳራሽ ከኒው ዮርክ ፊልሃርሞኒክ ጋር የብራምስን የመጀመሪያ ኮንቼርቶ ሊጫወት ነው፣ ኤፕሪል 6። በጣም ዝግ ብሎ መሄድ ፈለገ። የኦርኬስትራው መሪ ሊዮናርድ በርንስታይን ከመጀመሩ በፊት ወደ ታዳሚው ዞሮ በዚህ አካሄድ እኔ አልስማማም፣ ግን የሚያስብ አርቲስት ስለሆነ አብሬው እሠራለሁ ብሎ ተናገረ። ሃያሲዎቹ ቀደዷቸው። ቀረጻው አለ፣ ንግግሩም አለበት፣ ስሙት። ከ50 ደቂቃ በላይ ይወስዳል፤ ዛሬ ብዙ ፒያኒስቶች በዚያ አካባቢ ስለሚጫወቱት ምኑ ነው ያን ያህል ያስጮሃቸው ያሰኛል።

አዛውንቱ

እሰይ! ሞስኮው እኮ የእኔ ምስክር ነው። ሰው ስልክ ይዞ የሮጠው ለቀጥታ ጨዋታ ነው። ለሸክላ ማን ይሮጣል?

ሸክላ_ሰብሳቢ

ጋሼ እኔ እሮጣለሁ። ከሥራ አስፈቅጄ ሁሉ።

ቁልፍ_88

ጋሼ ያነሱትን እሱም ያውቀው ነበር፣ የሸሸውም ያንኑ ነው። ታዳሚው ተጫዋቹ የሚወድቅበትን ሰዓት የሚጠብቅ፣ እንደ ጥንት ሮማ ትርኢት ደም የሚሻ ሆኖ ይታየዋል። ጭብጨባ ይከልከል ብሎ ግማሽ በቀልድ ግማሽ በቁም ነገር ጽፏል። ሌላም አለ። በየምሽቱ በሌላ ፒያኖ፣ በሌላ አዳራሽ፣ ያንኑ የባክ ፓርቲታ ስትደጋግመው ከበስተኋላ ያለው ሰው እንዲሰማልህ ማጋነን ትጀምራለህ። ይህ ልማድ ወደ ስቱዲዮ እየተከተለኝ ሸክላዬን አበላሸብኝ ይል ነበር። እኔ በዚህኛው ላይ ከእሱ ጋር ነኝ፤ ጭብጨባው ግን ይኑር።

ሸክላ_ሰብሳቢ

ስለ ፒያኖው ማንም አላነሳም። ሲዲ 318 የሚባል ስታይንዌይ ነበረው፤ "ሲዲ" ያሉት ኩባንያው ለኮንሰርት የሚያውሳቸውን ፒያኖዎች የሚመዘግብበት ምልክት ነው። ቁልፉ ቀላል፣ መልሱ ፈጣን። ቃኚው ቨርን ኤድኲስት ዓይኑ በደንብ አያይም፣ በጆሮውና በጣቱ ነው የሚሠራው። ጉልድ እንደ ሃርፕሲኮርድ እንዲቀልለት ሲያስነካካው፣ ሲያስነካካው፣ መሀል ላይ ያሉት ቁልፎች ስቅታ ያዛቸው። በሙሉ ትርጉሙ ስቅታ፣ አንድ ጊዜ ተነክቶ ሁለቴ የሚሰማ። የባክን ኢንቬንሽኖች በዚህ ሁኔታ ቀዳቸውና ሸክላው ላይ ለአድማጩ ማስታወሻ ጻፈ፤ ስቅታውን ውደዱት ዓይነት ነገር። አሁን ቢሆን ኩባንያው ያስጠፋው ነበር።

1971 ላይ ከክሊቭላንድ ሲመለስ ጣሉት። ብረቱ ተሰነጠቀ። ጠገኑት፣ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። የ1981ዱ ጎልድበርግ የተቀዳው በያማሃ ነው። ድምፁ ደረቅ፣ ጥርት ያለ የሆነው አንድም ለዚህ ነው።

ጆሮ_ጠቢ

ቆይ ቆይ፣ እንግዲህ የ1981ዱ የሞት ስንብት ነው የሚሉትስ? ሁሉም ቦታ እንደዚያ ተጽፎ አያለሁ።

የዳንፎርዷ

እዚህ ላይ ልናደድ ነው። ሰው የሞተበትን ቀን አይቶ ወደ ኋላ ታሪክ ይሠራለታል። እውነት ነው፣ አጋጣሚው ልብ ይነካል። አልበሙ ሴፕቴምበር 1982 ወጣ። በ25ኛው ቀን 50 ዓመት ሞላው። በ27 ስትሮክ መታው። ኦክቶበር 4 አረፈ። አሪያ ጀምሮ አሪያ ጨረሰ ይባልለታል። ግን ሰውየው ስንብት ላይ አልነበረም! ከጎልድበርጉ በኋላ የብራምስን ባላዶች ቀድቷል፣ የሪቻርድ ስትራውስን ሶናታ ቀድቷል። በመጨረሻው በጋ ቶሮንቶ ውስጥ ሙዚቀኞች ሰብስቦ የቫግነርን ዚግፍሪድ ኢዲል በመሪነት ቀዳ፣ ያውም ቀንድ አውጣ የሚቀድመው ዝግታ። ፒያኖውን ቀስ በቀስ ትቶ ኦርኬስትራ መምራት ነበር ሐሳቡ። የ1981ዱን እንደ ለቅሶ ከሰማችሁት 29ኛው ቫሪዬሽን ላይ ምን ልትሉ ነው? ሰውየው እየጨፈረ ነው እኮ።

ቶሮንቶ ለምትመጡ፦ ፍሮንት መንገድ ላይ ከካናዳ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሕንፃ ፊት የነሐስ ሐውልቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ኮትና ኮፍያውን እንዳደረገ ተቀምጧል። ቱሪስቱ አጠገቡ እየተቀመጠ ፎቶ ይነሳል። ሴንት ክሌር ላይ የሚኖርበት ሕንፃ አጠገብ ደግሞ ሌሊት ሌሊት እንቁላል ፍርፍር የሚበላበት ምግብ ቤት ነበር። መቃብሩ ማውንት ፕሌዛንት ነው፣ ድንጋዩ ላይ የአሪያው መጀመሪያ ኖታ ተቀርጿል።

የማታ_ተረኛ

ቮየጀርን፣ የጠፈር መንኮራኩሯን፣ ረሳችሁት። በ1977 ወደ ጠፈር በተላከው የወርቅ ሸክላ ላይ ከባክ ሁለተኛው የፕሪሉድና ፊውግ መጽሐፍ የሲ ሜጀሩ አለ፣ የሚጫወተው ጉልድ ነው። ኮንሰርት አልወድም ያለው ሰው ከፀሐይ ግዛት ውጭ ወጥቶ እየተጫወተ ነው።

ጆሮ_ጠቢ

እሺ እንግዲህ ልገዛ ነው። የ1981ዱን የትኛውን ኅትመት?

ሸክላ_ሰብሳቢ

በ2002 ሁለቱን ጎልድበርጎች አብሮ የያዘ ስብስብ ወጥቷል። የ1981ዱ የተቀዳው በዲጂታልም በአናሎግ ቴፕም ጎን ለጎን ነው፤ መጀመሪያ የወጣው ዲጂታሉ ነው፣ ያኔ ቴክኖሎጂው ገና ጨቅላ ስለነበር ድምፁ ትንሽ ይቆረቁራል። የ2002ቱ ላይ ወደ አናሎጉ ቴፕ ተመልሰው ነው የሠሩት። ሞቅ ይላል። ያንን ያዝ። የ1955ቱም አብሮ ስላለ ምርጫው ቀረልህ።

ጆሮ_ጠቢ

ከዚያስ? ከጎልድበርግ በኋላ ምን ልስማ?

ቁልፍ_88

በ1960 የቀዳቸውን የብራምስ ኢንተርሜትዞዎች (አጫጭር የፒያኖ ቁራጮች)። ይህ ሰው ደረቅ ነው የሚልህ ካለ አፉን የምታስይዝበት ነው። ከዚያ የበርድና የጊበንስ አልበሙን፣ የ1500ዎቹና የ1600ዎቹ እንግሊዞች ናቸው። ጊበንስን ከሁሉ አብልጦ እወደዋለሁ ይል ነበር፣ ከባክም ሳይቀር።

ጆሮ_ጠቢ

ሞዛርቱስ? ሶናታዎቹን በሙሉ ቀድቷቸዋል አይደል?

ሸክላ_ሰብሳቢ

ቀድቷቸዋል። ሞዛርት የሞተው ያለ ጊዜው ሳይሆን ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ሲቀዳቸው ምን እንደሚመስል አስበው። የኤ ሜጀሩን ሶናታ መክፈቻ ስማ፣ ሰውየው ኖታ በኖታ እየጎተተ የሚጫወተው ሆን ብሎ ሊያናድድህ ነው።

አዛውንቱ

እኔ ያንን አልበም ገዝቼዋለሁ። ከነላስቲኩ አለ። የሚፈልግ ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ በነፃ ነው።